የበር መብራት አልጠፋ ሲል፦ ሎኩ ነው ወይስ ስዊቹ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጅማ የደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ ስለ መኪና በር ነው፣ አይገርምም፣ ዝናቡ ሲበረታ በር ውስጥ ያለች ትንሽ ብረት ሁሉ ማስቸገር ትጀምራለች። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ለበር ብቻ ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያዋን ጥያቄ ሰፋ አርጌ ነው የመለስኩት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ላይ የደረሰ ነገር ነው፣ ደግሞም መሀሉ ላይ በጣም የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለበት።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ ጊንጆ አካባቢ ነው የምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ። ቪትዝ መኪና አለኝ፣ ክሩስኮቱ ላይ የበር ምልክት ያለበት ቀዩ መብራት አልጠፋ አለኝ፣ በሮቹን ደጋግሜ ከፍቼ ዘጋሁ፣ ያው ነው። የጣሪያው መብራትም አብሮ በርቶ ይቀራል። ቅዳሜና እሁድ ሳልነዳት ቆማ ሰኞ ጠዋት አልነሳ አለች፣ ወላሂ ክፍል አርፍጄ ነው የገባሁት፣ ጎረቤት ነው በኬብል ያስነሳልኝ። አንድ ጋራዥ ስወስዳት የሹፌሩ በር ሎክ በሙሉ ይቀየር አለኝ፣ የጠራልኝ ብር ደግሞ ያስደነግጣል። ሌላ ጋ ስሄድ ሽቦውን ቆርጬ ላጥፋልሽ አለኝ፣ በሁለት ደቂቃ። የቱን ልመን? በሩስ መንገድ ላይ ይከፈትብኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፣ ሽቦውን እንዳታስቆርጪ። መብራቱ ይጠፋል፣ ባትሪውም አይደክምም፣ ግን ከዛ በኋላ ያ በር በትክክል ይዘጋ አይዘጋ የሚነግርሽ ነገር የለም። ልጆች ኋላ ጭነሽ ወደ ሰቃ ጨቆርሳ ስትሄጂ በሩ ግማሽ ተዘግቶ ቢሆን መብራቱ ጭጭ ይላል፣ አንቺም አታውቂም። ይሄ ነገር በየጋራዡ እንደ ቀላል ዘዴ ሲሠራ አያለሁ፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም ሰዉ ችግሩ የተፈታለት መስሎት ነው የሚሄደው።

ግማሽ መዘጋት ስልሽ ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። የመኪና በር ስትዘጊ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ የመጀመሪያው ጠቅታ ላይ በሩ ተይዟል ግን ገና አልጠበቀም፣ ሁለተኛው ላይ ነው ሙሉ በሙሉ የሚቆልፈው። የአሜሪካው የደህንነት ደረጃ ቁጥር 206ም ሆነ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 11 የሚጠይቁት ሎኩ ሙሉ ሲዘጋ 11,000 ኒውተን ጉልበት እንዲችል ነው፣ ወደ 1,100 ኪሎ የሚሆን ነገር ቢንጠለጠልበት ማለት ነው። ግማሽ ጠቅታው ላይ ግን የሚጠየቀው 4,500 ብቻ ነው፣ ከግማሽ በታች። መኪና ተጋጭቶ ሲገለበጥ ሰው ወደ ውጭ ከተወረወረ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል፣ ሎኩ የተሠራው ለዛ ነው፣ ሌባ ለመከላከል ብቻ አይደለም። እና ቀዩ መብራት የሚነግርሽ ይሄንኑ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሰውዬ እንሂድ። ሎኩ ይቀየር ያለሽ ሰው ተሳስቷል አልልም፣ ግን ሳይፈትሽ ከሆነ ያለሽ ገንዘብሽን በከንቱ ልታወጪ ትችያለሽ። ምክንያቱም እንዳንቺ ዓይነት የቶዮታ መኪኖች ላይ ሎኩና የበር ስዊቹ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ሎኩ በሩ ጠርዝ ላይ ያለው ጥፍር መሰል ብረት ነው፣ በሩ ሲዘጋ፣ በሩ የሚያርፍበት የመኪናው ምሰሶ ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት ይነክሳል። ስዊቹ ደግሞ ራሱ ምሰሶው ላይ ነው፣ በሩን ስትከፍቺ ጎማ ለብሳ ብቅ የምትል፣ በጣት ስትጫኛት የምትገባ ትንሽ ነገር አለች አይደል፣ እሷ ናት። በሩ ሲከፈት ትወጣና ሽቦውን ከመኪናው ብረት ጋር ታገናኘዋለች፣ መብራቱ ይበራል፣ በሩ ሲዘጋ ትጨፈለቅና ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ መብራቱ ይጠፋል። በቃ ሥራዋ ይሄው ነው፣ ዋጋዋም ከሎክ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ መጀመሪያ የቱ በር እንደሆነ እንለይ፣ የሹፌሩ ነው ብለሽ አትደምድሚ፣ ክሩስኮቱ ላይ ያለው መብራት አንድ ነው፣ ለሁሉም በር የሚሠራው እሱው ነው። ማታ ላይ ወይ ጨለም ያለ ቦታ አቁሚያት፣ አንዱን በር ብቻ ክፈቺና ስዊቹን በጣትሽ ጥልቅ አርገሽ ተጫኚ፣ ሌሎቹ በደንብ ይዘጉ። ተጭነሽ መብራቱ ከጠፋ ስዊቹ ደህና ነው፣ በሩ ሲዘጋ በበቂ አልጨፈለቃትም ማለት ነው፣ ወይ ጎማዋ ተበልቷል ወይ በሩ ወርዷል፣ እሱን ቆይተን እንመጣበታለን። ካልጠፋ ወደሚቀጥለው በር፣ እንደዛ እያልሽ ሁሉንም ዙሪ። የኋላውን ትልቁን በር ደግሞ እንዳትረሺ፣ ብዙ እንደ ቪትዝ ዓይነት መኪኖች ላይ የኋለኛው በር ስዊች ሎኩ ውስጥ ነው ያለው፣ ዕቃ ጭነሽ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ጊዜ ከፍተሽ ጠንከር አርገሽ ዝጊው።

እስክታገኚው ድረስ ባትሪሽን ለማዳን የጣሪያውን መብራት ማብሪያ ጠቅላላ ወደሚያጠፋው ጎን አርጊው። የጣሪያ አምፖል ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዋት ነው፣ 10 ዋቱን ብንወስድ በ12 ቮልት 0.8 አምፔር ገደማ ይስባል፣ በ24 ሰዓት ወደ 20 አምፔር ሰዓት ማለት ነው፣ የትንሽ መኪና ባትሪ ደግሞ ከ35 እስከ 45 ነው የሚይዘው፣ እንግዲህ ቅዳሜና እሁድ ቆማ ሰኞ አለመነሳቷ የሚጠበቅ ነው። ባትሪሽ አርጅቷል ብሎ ሌላ ሊሸጥልሽ የሚመጣ ካለ ይሄን ንገሪው።

ስዊቹን መፍታት ቀላል ነው፣ መጀመሪያ ከባትሪው ላይ ኔጌቲቩን አላቂው፣ ከዛ አብዛኞቹ ላይ ያለችው አንዲት ብሎን ናት፣ በ10 ቁጥር መፍቻ ወይ በካቻቢቴ ትፈታለች። እዚህ ጋ ግን ቀስ በይ፣ ስዊቹን ስትስቢው ከኋላው አንድ ሽቦ ተከትሎ ይመጣል፣ ከስዊቹ ስታላቅቂው ሽቦው ሸርተት ብሎ ምሰሶው ውስጥ ከገባ አወጣዋለሁ ብለሽ ግማሽ ቀን ትለፊያለሽ። ሳታላቅቂው በፊት ሽቦውን በፕላስተር ከምሰሶው ጋር ለጥፊው ወይ የልብስ መቆንጠጫ አርጊበት። አሁን ሽቦው ብረት እንዳይነካ ይዘሽ ባትሪውን ለአፍታ አገናኚና እዪ፣ ሽቦው ተላቆ መብራቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ስዊቹ ነው። ተላቆም ከበራ ወይ ሌላ በር ነው ወይ ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ቦዲ እየነካ ነው፣ ያኔ የመኪና ኤሌክትሪሻን ቴስተር ይዞ ይከተለው።

ስዊቹ ራሱ ሁሌ መጣል የለበትም። እኛ ሀገር እንደምታውቂው በጋ ላይ ቀይ አቧራ ነው፣ ያ አቧራ ጎማዋ በተሰነጠቀችበት ይገባል፣ ከዛ ዝናብ ሲመጣ ጭቃ ይሆንና ሲደርቅ ውስጥ ያለችውን ዘንግ ይይዛታል፣ ስትጫኚያት ትገባለች ስትለቂያት አትወጣም፣ ወይ ደግሞ መሀል ላይ ቆማ ትቀራለች። በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ታጥቦ፣ ደጋግሞ ተጭኖ ተለቆ፣ ብሎኗ የምትነካው ቦታ ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብዙ ጊዜ ይድናል። ጎማዋ ከተቀደደች ግን ስዊቹን ቀይሪው፣ አለዚያ ለሚቀጥለው ክረምት ያው ነሽ።

ስዊቹ ደህና ሆኖ በሩ ከሆነ ያልጨፈለቀው፣ በሩን ክፈቺና ጫፉን ከሥር በሁለት እጅሽ ይዘሽ ወደ ላይ ሞክሪው። ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ማጠፊያው ተበልቷል፣ በሩ ወርዷል፣ ስለዚህ ሎክ ብትቀይሪም ለውጥ አታይም። የማጠፊያው ፒንና ቡሽ ይቀየር። በሩ ካልወረደ ደግሞ ምሰሶው ላይ ያለችው ቀለበት ትንሽ ተንሸራታ ይሆናል፣ ብሎኖቿን ላላ አርጎ ወደ ውስጥ ወይ ወደ ታች ማስጠጋት ነው፣ ግን ከማላላታችሁ በፊት ዙሪያዋን በእርሳስ ወይ በጠመኔ አስምሩበት፣ አለዚያ የነበረችበት ቦታ ይጠፋችሁና በሩ ጭራሽ አይገጥምም። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ ዝጉ፣ እዩ፣ እንደገና።

የሎኩን ጤንነት የምትፈትሺበት መንገድ ይሄ ነው፣ ይሄን ራስሽ ትችያለሽ። በሩ ክፍት እንዳለ ካቻቢቴ ያዥና ጥፍሩን በሩ ሲዘጋ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ግፊው። አንድ ጠቅ፣ ከዛ ሁለተኛ ጠቅ ማለት አለበት፣ ሁለተኛው ላይ በካቻቢቴው ወደ ኋላ ብትስቢውም መመለስ የለበትም። ከዛ የውጭውን እጀታ ሳቢ፣ ጥፍሩ በሞላ ጉልበት ፈንጠር ብሎ መከፈት አለበት። እንደገና ዝጊውና በውስጠኛው እጀታ ሞክሪው። ከሞከርሽ በኋላ ጥፍሩ ተከፍቶ መተውን አረጋግጪ፣ ይሄን በደንብ ስሚኝ፣ ጥፍሩ እንደተዘጋ በሩን ብታላጊው ጥፍሩ ቀለበቱን ይመታና ሁለቱም ይጣመማሉ፣ ጤነኛ ሎክ በዚህ ምክንያት ሲበላሽ አይቻለሁ።

ጥፍሩ ዝግ ብሎ፣ እየተንቀራፈፈ የሚመለስ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሞተ አይደለም፣ የቆየ ግሪስ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ነው። በደብሊው ዲ ፎርቲ እጠቢው፣ በጨርቅ ጥረጊው፣ ጥቁር ነገር መውጣቱ እስኪያበቃ ደጋግሚው። ደብሊው ዲ ፎርቲ ግን ያጥባል እንጂ ብዙ አይቆይም፣ ሲደርቅ ነጩን ሊቲየም ግሪስ በትንሹ ቀቢበት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያስቀቡ አሉ፣ ተዪው፣ ያንን ሁሉ አቧራ ሰብስቦ ነው የሚይዘው። ታጥቦም ሁለተኛውን ጠቅታ ካልያዘ፣ ወይ ከያዘ በኋላ በካቻቢቴ ስትጎትቺው ከለቀቀ፣ ውስጥ ያለችው፣ ጥፍሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትይዘው ማገጃ ተበልታለች ወይ ሞላዋ ተሰብሯል፣ እሱ አይጠገንም፣ ይቀየር። በብየዳ ጥፍሩን እሞላልሻለሁ የሚልሽን እሺ እንዳትዪ።

ወደ መግዛቱ ከደረስሽ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ። የግራና የቀኝ ሎክ አንድ አይደለም፣ የፊትና የኋላም አንድ አይደለም፣ ባለ ሴንትራል ሎክ (ሁሉንም በር በአንዴ የሚቆልፈው) እና ያለሱም ይለያያል፣ የሶኬቱ የሽቦ ቁጥርም እንደ መኪናው ዓመት ይለያያል። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ መኪና ከሆነች ደግሞ ጠንቀቅ በይ፣ የሹፌር በር ተብሎ የሚሸጥልሽ ሎክ ያንቺ በር ላይ ካለው ጋር ላይመሳሰል ይችላል፣ አጠገብ ለአጠገብ አድርገሽ አወዳድሪ። ጅማ ካጣሽው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ አይጠፋም፣ ግን 350 ኪሎ ሜትር መንገድ ተልኮ መጥቶ አልገጠመም ከሚባል ከሁሉም ጎኑ ፎቶ አንስተሽ፣ ሶኬቱን ቀረብ አርገሽ አንስተሽ፣ የመኪናሽን የሻንሲ ቁጥር ጨምረሽ አስቀድመሽ ላኪ። የሚገዛልሽ ሰው እዛው ሱቁ ላይ የካቻቢቴውን ሙከራ ያድርግ፣ ሎኩ የሴንትራል ሎክ ሞተር ካለው ደግሞ በ12 ቮልት ባትሪ አንዴ በዚህ አንዴ ሽቦውን ገልብጦ ይንካው፣ ወዲህም ወዲያም መምታት አለበት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለንን መኪና ነው የምንጠብቀው፣ ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ስንገዛ እንዲህ ፈትሾ መግዛት ያዋጣል።

መቀየሩን ለባለሙያ ብትሰጪውም ምን እንደሚሠራ ብታውቂ ጥሩ ነው፣ አጠገቡ ቁሚ። ባትሪ ይላቀቃል፣ መስታወቱ ወደ ላይ እንደተዘጋ ይሆናል። ከዛ የበሩ የውስጥ ፓኔል፣ ብሎኖቹ ከውስጠኛው እጀታ ጀርባና ከክንድ ማሳረፊያው ሥር ተደብቀው ነው ያሉት፣ እነሱ ሳይፈቱ ጎትቶ የሚነቅል ሰው ፓኔሉን ይሰብረዋል። ዙሪያውን ያሉት የፕላስቲክ ክሊፖች ናቸው፣ ሁለት ሦስቱ መሰበራቸው አይቀርም፣ ትርፍ ገዝተሽ ያዢ። ከፓኔሉ ጀርባ የተለጠፈ ላስቲክ አለ፣ ሳይቀደድ ቀስ ብሎ ይላጥ። አሁን በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ የትኛው ዘንግ ከውጭ እጀታ እንደሚመጣ፣ የትኛው ከቁልፉ ሲሊንደር እንደሚመጣ፣ የውስጡ እጀታ ኬብል የት እንደገባ፣ ሲገጠም ይቺ ፎቶ ብዙ ክርክር ታድናለች። ዘንጎቹ ጫፍ ላይ ያሉት ትንንሽ ፕላስቲኮች ዞር ተደርገው ነው የሚለቁት፣ በፒንሳ ከተጎተቱ ይሰበራሉ። መጨረሻ ላይ በሩ ጠርዝ ላይ ያሉት ሦስት ብሎኖች ናቸው፣ ፋብሪካ ላይ በጣም ጠብቀው ስለሚታሰሩ ካቻቢቴው ልኩ ካልሆነ ጭንቅላታቸው ይላጣል፣ ካቻቢቴውን አስገብቶ አንዴ ሁለቴ በመዶሻ መታ አድርጎ ከዛ በሙሉ ክብደት ተጭኖ ማዞር ነው። አዲሱ ሲገባ በሩ ሳይዘጋ በፊት የካቻቢቴው ሙከራ እንደገና ይደረግ፣ በሁለቱም እጀታ፣ በቁልፍም፣ በሴንትራል ሎክም፣ ሁሉም ከሠራ ብቻ ነው በሩ የሚዘጋው።

ያን ላስቲክ ደግሞ ምንም አይሠራም ብሎ የሚጥል ሠራተኛ አለ፣ እንዳትፈቅጂለት። ጅማ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ጥቅምት ነው የሚዘንበው፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚወርድበት ሀገር ነው፣ ውሃው በመስታወቱ ጠርዝ ሁሌም ወደ በሩ ሆድ ይገባል፣ ጤነኛ መኪና ላይም ይገባል። ላስቲኩ ወደ ወንበሩ እንዳይመጣ ይከለክለዋል፣ ከዛ ከበሩ ታች ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ቀዳዳዎቹ በጭቃ ከተደፈኑ ውሃው እዛው ይቀመጣል፣ በሩን ስትከፍቺ ሲንቦጫረቅ ትሰሚዋለሽ፣ ሎኩንም ላሜራውንም የሚያዝገው እሱ ነው። ክረምት ሳይገባ በስንጥር ጠንቁለሽ ክፈቻቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ያልኩት ሁሉ ስዊቹ ምሰሶ ላይ ላለ መኪና ነው። ምሰሶው ላይ ምንም ስዊች የማይታይባቸው መኪኖች አሉ፣ ቮልስዋገን ጎልፍ፣ ብዙ ፎርዶች፣ እነሱ ላይ ትንሽዬ ማይክሮ ስዊች ሎኩ ውስጥ ተቀብራ ነው ያለችው፣ ጥፍሩ ሲዞር እሷን ይጫናታል። እዛ ላይ ሎኩ በሙሉ ይቀየር መባሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ እጁ የተፈታ ኤሌክትሪሻን ግን ሎኩን ከፍቶ የለቀቀውን ስታኞ መልሶ ሊበይደው፣ ወይ ማይክሮ ስዊቿን ብቻ ሊቀይራት ይችላል። የካቻቢቴው ሙከራ እዚህም ይሠራል፣ በሩ ክፍት ሆኖ ጥፍሩ ሁለተኛውን ጠቅታ ሲይዝ መብራቱ ካልጠፋ ማይክሮ ስዊቿ ወይ ሽቦዋ ናት። አዲስ ዕቃ ነው ተብሎ ደግሞ አይታለፍም፣ ፎርድ በ2016 እ.ኤ.አ. ሎካቸው ውስጥ የማገጃው ሞላ መያዣ ሊሰበር ይችላል ብሎ ወደ 2.4 ሚሊዮን የሚጠጋ መኪና ለጥገና ጠርቷል፣ በሩ አልዘጋ ሊል ወይ መንገድ ላይ ሊከፈት ይችል ስለነበር።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሚኒባስ አለኝ፣ ጅማ አጋሮ ነው የሚሠራው። ተንሸራታቹ በር ሲዘጋ አንዳንዴ ተመልሶ ይከፈታል፣ ረዳቱ በኃይል ነው የሚዘጋው፣ አሁን ደግሞ በገመድ አስሮት አገኘሁት። ሎኩን ባለፈው ዓመት አስቀይሬዋለሁ። ዕድሜዬ ስለገፋ ራሴ አልነዳም፣ ልጆቹ የሚሉኝን ነው የማምነው።

መልስ፦ አባቴ ጤና ይስጥልኝ። እባክዎ መጀመሪያ ገመዱን ያስፈቱ፣ በሩም እስኪሠራ መኪናው ሰው አይጫን። በገመድ የታሰረ በር ላይ የተደገፈ ተሳፋሪ መጠምዘዣ ላይ ይወድቃል፣ አደጋ ከደረሰ ደግሞ ውስጥ ያሉት በዛ በር መውጣት አይችሉም፣ ገመድ የሚፈታ ሰው እስኪመጣ አይጠበቅም።

ሎኩ በቅርቡ ከተቀየረ እኔ የምጠረጥረው ሮለሮቹን ነው። ተንሸራታች በር በሦስት ቦታ ነው የሚንጠለጠለው፣ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች፣ እያንዳንዱ በሀዲዱ ላይ የሚሄድ ሮለር አለው። ሮለር ሲበላ በሩ ወደ ኋላው ጫፍ ይወርዳል፣ ሎኩና ቀለበቱ ፊት ለፊት መገናኘታቸው ይቀርና ሎኩ ቀለበቱን በጠርዙ ነው የሚነክሰው፣ ረዳቱ በኃይል ካልዘጋው አይይዝም፣ በኃይል በዘጋው ቁጥር ደግሞ አዲሱን ሎክ እየገደለው ነው። ጋራዥ ይውሰዱትና በሩን በግማሽ አስከፍተው ከኋላ ጫፉ ወደ ላይ ያስነሱት፣ ከተንቀሳቀሰ ሮለሮቹ ይቀየሩ፣ የታችኛው ሀዲድም በደንብ ይጸዳ፣ ከጫማ የሚራገፈው ጭቃና ጠጠር ሁሉ እዛ ነው የሚጠራቀመው። ቀለበቱን ማስተካከል የመጨረሻው ሥራ ነው፣ ሮለሩ ሳይቀየር ቀለበቱን ብቻ ዝቅ አድርጎ ሠራሁት የሚልዎት ካለ አይቀበሉት፣ ወር ሳይሞላ ይመለሳል። ለረዳቱም ይንገሩት፣ በሩ ጤነኛ ከሆነ በአንድ እጅ ስቦ በልኩ ሲገፋው ይዘጋል፣ ኃይል ከጠየቀ የሆነ ነገር ተበላሽቷልና ዛሬውኑ ይንገርዎት።

ጥያቄ፦ ብሮ የኮሮላዬ የኋላ ቀኝ በር ከውጭ ይከፈታል ከውስጥ ግን እጀታውን ስትስበው ባዶ ነው፣ ምንም አይዝም። ሎክ ልግዛ?

መልስ፦ ቆይ አትግዛ። በሩን ከውጭ ክፈተውና ጠርዙ ላይ፣ ከሎኩ አጠገብ፣ ትንሽዬ ማንሻ ፈልግ፣ አንዳንዱ ላይ የልጅ ምስል አለበት። የልጆች መቆለፊያ ነው፣ መኪና አጣቢ ሲያጸዳ በጨርቅ ሊነካው ይችላል። በቁልፍ ጫፍ ወደ ሌላው አቅጣጫ መልሰውና እጀታውን ሞክር። ከከፈተ አለቀ። ካልከፈተ ከውስጥ እጀታው ወደ ሎኩ የሚሄደው ኬብል ወይ ዘንግ ክሊፑ ተሰብሮ ወልቋል፣ ፓኔሉን ፈትቶ ክሊፗን መቀየር ነው፣ ሎኩ ከውጭ እየከፈተ እስካለ ድረስ ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ልጅ የምትጭን ከሆነ ደግሞ ያቺን ማንሻ አውቀህ ቆልፋት፣ የተሠራችው ለዛ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የኛ መኪና የፊት ተሳፋሪ በር ጭራሽ አልከፈት አለ፣ ከውስጥም ከውጭም። አንድ ልጅ በብረት ጠርዙን ፈልቅቄ ልክፈተው አለኝ። ቆጪ አካባቢ ነን።

መልስ፦ በብረት አታስፈልቅቁ፣ የበሩ ጠርዝ አንዴ ከተጣመመ ውሃ መግባት ይጀምራል፣ የንፋስ ድምፁም አይቆምም፣ መስታወቱም ሊፈነዳ ይችላል። ሁለት ሰው ሁኑ። አንዱ የውጭውን እጀታ ስቦ ይያዝ፣ ሌላው ሎኩ ባለበት ትክክል፣ ማለት ከእጀታው ኋላ ጠርዙ ጋ፣ በእጁ ጡጫ ደጋግሞ ጠንከር አድርጎ ይምታ፣ የተያዘች ማገጃ ብዙ ጊዜ በንዝረት ትለቃለች። እንደዛው የውስጡን እጀታ እየሳባችሁ ሞክሩ፣ በሴንትራል ሎኩም ቆልፉ ክፈቱ፣ በቁልፍም ሞክሩ። በሩን ከውጭ ወደ ውስጥ በጉልበት ገፍቶ እዛው ላይ እጀታውን መሳብም አንዳንዴ ይሠራል፣ በበሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ሎኩ ላይ ያሳረፈውን ጫና ያቀለዋል።

እምቢ ካለ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታችሁ በሩ እንደተዘጋ የውስጡ ፓኔል ይፈታ፣ ያስቸግራል ግን የፊት በር ላይ ይቻላል፣ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያሉት ብሎኖች ካልደረሱ ፓኔሉን ከላይ ፈቀቅ አድርጎ እጅ ማስገባት በቂ ነው። የወለቀ ዘንግ ካለ ትደርሱበታላችሁ፣ ካልወለቀም ሎኩ ላይ ያለውን ማንሻ በረጅም ካቻቢቴ በቀጥታ መግፋት ነው። ሲከፈት ደስ ብሏችሁ መልሳችሁ እንዳትዘጉት፣ በሩን ክፍት አድርጋችሁ ጥፍሩን በካቻቢቴ አዙሩ፣ በሁለቱም እጀታ ደጋግሞ ካልከፈተ ሎኩ ይፈታ፣ አለዚያ ያንኑ ሥራ እንደገና ትጀምሩታላችሁ።